ያውቁ ኖሯል? ካርድ የበላቸው ድሎች

ያውቁ ኖሯል፣ ቢጫና ቀይ ካርድ የመጡት ከትራፊክ መብራት ነው? እ.ኤ.አ. በ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ እንግሊዝና አርጀንቲና ዌምብሌይ ላይ ሲገናኙ፣ ጀርመናዊው ዳኛ ሩዶልፍ ክራይትላይን የአርጀንቲናውን አምበል አንቶኒዮ ራቲንን ከሜዳ አሰናበቱት። እሱ ግን አልወጣም አለ። ዳኛው ስፓኒሽ አይሰሙም፣ ተጫዋቹ ጀርመንኛ አይሰማም፤ ጨዋታው ለደቂቃዎች ቆመ። የዳኞች ኃላፊ የነበሩት እንግሊዛዊው ኬን አስተን ከስታዲየም ሲመለሱ መንገድ ላይ መብራት ያዛቸው። ቢጫ፣ ተጠንቀቅ፤ ቀይ፣ ቁም። አስተርጓሚ የማይፈልግ ቅጣት እዚያው ተገኘ።

ካርዶቹ ሥራ የጀመሩት በ1970 ሜክሲኮ ላይ ሲሆን በዚያ ውድድር አንድም ቀይ አልተመዘዘም። የመጀመሪያዋ ቀይ የደረሰችው በ1974 ለቺሊያዊው ካርሎስ ካዜሊ ነው።

ፈጣኗስ? ኡራጓያዊው ሆሴ ባቲስታ፣ 1986፣ ከስኮትላንድ ጋር፣ ገና በ56ኛው ሰከንድ። ኡራጓይ የቀረውን ሁሉ በ10 ሰው ታግላ 0 ለ 0 ወጣች፤ ያቺ ነጥብም ወደ ጥሎ ማለፉ አሻገረቻት።

ያውቁ ኖሯል፣ በአንድ የዓለም ዋንጫ ጨዋታ ሦስት ቢጫ ያየ ተጫዋች አለ? ክሮሺያዊው ዮሲፕ ሺሙኒች ነው፤ በ2006 ሽቱትጋርት ላይ፣ ከአውስትራሊያ ጋር። እንግሊዛዊው ዳኛ ግራሃም ፖል ሁለተኛዋን ቢጫ አሳዩትና ማስታወሻቸው ላይ በአውስትራሊያው 3 ቁጥር ስም መዘገቧት። ሺሙኒችም 3 ቁጥር ነበር፤ በዚያ ላይ ተወልዶ ያደገው አውስትራሊያ ነው፣ እንግሊዝኛውም የዚያው አገር። ቀይዋ የመጣችው ከሦስተኛዋ ቢጫ በኋላ ነው።

የዋልያዎቹን ታሪክ የማያውቅ የለም፤ ዝርዝሩን ግን ስንቱ ያስታውሰዋል? ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሎባትሴ ድረስ ሄዳ ቦትስዋናን 2 ለ 1 ረታች። በሳምንቱ፣ ሰኔ 9፣ አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካ በበርናርድ ፓርከር ጎል መራች፤ ጌታነህ ከበደ አቻ አደረገ፤ ያው ፓርከር ደግሞ በራሱ መረብ ላይ አስቆጠረና 2 ለ 1 አለቀ። ከተማው በጭፈራ ቀለጠ፣ ምድቡም ያለቀለት መሰለ። ፊፋ ምርመራ መጀመሩን ያስታወቀው በዚያው ዕለት ነው። ሎባትሴ ላይ የተሰለፈው ምንያህል ተሾመ ከዚያ በፊት በሁለት የተለያዩ ጨዋታዎች ቢጫ አይቶ ስለነበር ያን ጨዋታ በቅጣት ማረፍ ነበረበት። ይህን መዝግቦ መያዝ የተጫዋቹ ሥራ አልነበረም፤ የጽሕፈት ቤት ሥራ ነው። ውጤቱ ተሰርዞ ለቦትስዋና የ3 ለ 0 ፎርፌ ተሰጠ።

ሁሉም ነገር ለጳጉሜን 2 ቀረ። የኢትዮጵያ ተጋጣሚ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ስትሆን የጨዋታው ሜዳ ደግሞ ብራዛቪል ነበር። ደቡብ አፍሪካ በዚያው ዕለት ቦትስዋናን 4 ለ 1 ስለረታች ለዋልያዎቹ አቻ አይበቃም። ጎል ቀድሞ የገባውም በእነሱ ላይ ነው። ከእረፍት መልስ አቻ ያደረገው ማን ይመስልዎታል? ምንያህል ተሾመ! ሳላዲን ሰዒድ ሁለተኛውን ጨመረና 2 ለ 1፤ ኢትዮጵያ 13 ነጥብ፣ ደቡብ አፍሪካ 11። ከዚያ በኋላ በናይጄሪያ የደረሰብንን ሌላ ጊዜ እናንሳው።

የሚገርመው፣ በዚያው ቀን ቱኒዚያ ላይ ኬፕ ቨርዴ ባለሜዳዋን 2 ለ 0 ረትታ ወደ መጨረሻው ዙር ያለፈች መስሏት ነበር። ያሰለፈችው ፈርናንዶ ቫሬላ ግን በመጋቢት ወር ከኢኳቶሪያል ጊኒ ጋር ባየው ቀይ ካርድ የተቀጣ ነበር። ያ ጨዋታ ራሱ፣ ኢኳቶሪያል ጊኒ ተገቢ ያልሆነ ተጫዋች አሰልፋለች ተብሎ፣ ለኬፕ ቨርዴ በፎርፌ ተሰጥቷል። ጨዋታው ተሰረዘ፣ ካርዱ ግን አልተሰረዘም። ኬፕ ቨርዴ ድሏን ተነጠቀች፤ ቱኒዚያ ቁጭ ብላ አለፈች።

አቤቱታ አቅርቦ የከሰረም አለ። በመስከረም 2005 (እ.ኤ.አ.) ኡዝቤኪስታን ታሽከንት ላይ ባህሬንን 1 ለ 0 እየመራች ሳለ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘችና አስቆጠረች። አንድ የኡዝቤክ ተጫዋች ቀድሞ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ስለነበር ምቱ መደገም ነበረበት። ጃፓናዊው ዳኛ ቶሺሚትሱ ዮሺዳ ግን ለባህሬን ቅጣት ምት ሰጡ። አሸናፊዎቹ ኡዝቤኮች ውጤቱ 3 ለ 0 ይባልልን ብለው ከሰሱ። ፊፋ ዳኛው መሳሳታቸውን ተቀበለና ጨዋታው ከነጭራሹ እንዲደገም ወሰነ! ድግሙ 1 ለ 1፣ መልሱ ማናማ ላይ 0 ለ 0፤ ባህሬን ከሜዳዋ ውጪ ባገባችው ጎል አለፈች። በእጅ ያለን ድል ይዞ ዝም ማለት የሚሻልበት ጊዜም አለ።

እንግዳ ቡድንን የሚጎዳው ምንድን ነው? ጩኸት! በ2002 (እ.ኤ.አ.) በታተመ የእንግሊዝ ጥናት 40 ዳኞች ከአንድ የሊቨርፑልና የሌስተር ጨዋታ የተቀነጨቡ 47 ንክኪዎችን በቪዲዮ አይተው ፈረዱ፤ ገሚሶቹ ከነተመልካቹ ድምፅ፣ ገሚሶቹ ድምፁ ተዘግቶ። ጩኸቱን የሰሙት በባለሜዳው ላይ የነፉት ጥፋት በ15.5 በመቶ ያነሰ ነበር። ቤታቸው ቁጭ ያሉ ተመልካቾች ቢሆኑ እኮ አይፈረድባቸውም፤ እነሱ ግን ዳኞች ናቸው።

ያውቁ ኖሯል፣ ሴኔጋል ለ2018ቱ የዓለም ዋንጫ ያለፈችው በተደገመ ጨዋታ ነው? በኅዳር 2016 (እ.ኤ.አ.) ፖሎክዋኔ ላይ ኳሷ የካሊዱ ኩሊባሊን ጉልበት ስትመታ ጋናዊው ዳኛ ጆሴፍ ላምፕቴይ «እጅ ነው» ብለው ለደቡብ አፍሪካ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጡ፤ ሴኔጋል 2 ለ 1 ተሸነፈች። ፊፋ ዳኛውን ዕድሜ ልክ አግዶ ጨዋታውን አስደገመ። ሴኔጋል ከዓመት በኋላ እዚያው ፖሎክዋኔ ተመልሳ 2 ለ 0 ረታችና ሩሲያ ገባች። እዚያ በምድቧ ከጃፓን ጋር በነጥብ እኩል፣ በጎል ልዩነት እኩል፣ ባስቆጠሩት ጎል እኩል፣ እርስ በርስም 2 ለ 2 ሆኑ። ያን ጊዜ ቢጫዎች ተቆጠሩ፤ ጃፓን 4፣ ሴኔጋል 6። በዓለም ዋንጫ ታሪክ በካርድ ብዛት የተሰናበተች የመጀመሪያዋ አገር እሷ ናት።