ጃን ሜዳ፤ የፈረስ እሽቅድምድምና የገበያ ታሪኩ

ሜዳ ሕንፃ ስላልተሠራበት ብቻ ጥቅም የሌለው ቦታ የሚመስለው ነጋዴ ቢኖር፥ በአዲስ አበባ በስድስት ኪሎ አጠገብ የሚገኘውን የጃን ሜዳን ታሪክ ቢመለከት ይጠቀማል። ስሙ የጃንሆይ ሜዳ ከማለት የመጣ ሲሆን፥ የቤተ መንግሥት ሰልፍ፥ የጥምቀት በዓልና የፈረስ እሽቅድምድም የሚደረግበት ቦታ ሆኖ ኖሯል።

የአገራችን ጥንታዊ የፈረስ ጨዋታ ጉግስ ነው። ፈረሰኞች በሁለት ወገን ተከፍለው፥ አንዱ እየጋለበ ሲሸሽ ሌላው ተከትሎ የእንጨት ዘንግ ይወረውርበታል፤ የሚሸሸውም በጋሻው ይመክታል። ይኸውም የጦር ልምምድ ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ. ም. በዓድዋ የዋሉት የወሎ ፈረሰኞች አዛዥ ራስ ሚካኤል፥ በፈረስ ስማቸው አባ ሻንቆ፥ ከዚሁ ልማድ የወጡ ናቸው። ንጉሥ ከተባሉ በኋላ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ. ም. በሰገሌ ድል ሆነው ሲማረኩ፥ የድሉ ሰልፍ የተደረገው በጃን ሜዳ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ. ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በጫኑበት ሰሞን ደግሞ፥ ለበዓሉ የመጡ የውጭ አገር እንግዶች በዚያው ሜዳ የፈረስ እሽቅድምድም ተመልክተዋል።

ፈረስ ባለበት ንግድ አለ። ኮርቻ፥ ልጓምና እርካብ የሚሠራው፥ ገብስና ድርቆሽ የሚያቀርበው ሁሉ እንጀራውን ከዚያ ያገኛል። ነገር ግን ፈረስ በየአገሩ እኩል አይበረክትም። በጥቃቅን ተናካሽ ነፍሳት የሚተላለፈው የአፍሪካ የፈረስ በሽታ በሞቃት ቆላ ፈረስን አብዝቶ ይገድላል፤ አህያ ግን በሽታውን ይቋቋማል። በቆቦና በራያ ቆላ ጭነት በግመልና በአህያ የሚጓዝበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በደጋው በአዊ ግን በ1932 ዓ. ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል።

የጃን ሜዳ ጥቅም ለነጋዴው ይበልጥ የተገለጸው በ2012 ዓ. ም. ነው። የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ፥ በፒያሳ የነበረው ጠባቡ አትክልት ተራ ሕዝብ እንዳይጨናነቅበት ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ሰፊ ሜዳ በመኖሩ የከተማው ሽንኩርትና ቲማቲም ሳይቋረጥ ቀረ። ይሁን እንጂ ጥምቀት በታኅሣሥ 2012 ዓ. ም. በዩኔስኮ ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ ስለ ነበረ፥ ሜዳው ለባለ በዓሉ መመለስ ነበረበት። ከ2013 ዓ. ም. ጥምቀት በፊት ገበያው ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሲነሣ፥ የተከማቸውን ቆሻሻና ጭቃ ማጽዳት ብዙ ሰው ያደከመ ሥራ ሆነ።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። ክፍት ሜዳ በችግር ቀን የንግድ መጠባበቂያ ነው፤ ችግሩ ከደረሰ በኋላ ግን ተፈልጎ አይገኝም። ሁለተኛም፥ በውሰት የተያዘ ቦታ ውሉ አስቀድሞ ካልተለየ ጠብ ያመጣል። ስለዚህ በቆቦም ሆነ በሌላ ከተማ የገበያና የበዓል ሜዳ ጉዳይ ሲነሣ፥ ነጋዴው ሦስት ነገር ቢጠይቅ መልካም ነው፤ ወሰኑ እስከ የት ነው? ቦታው የሚለቀቀው መቼ ነው? የሚያጸዳውስ ማን ነው?