አዲስ የጤና ባለሙያ «እርግጠኛ አይደለሁም» ሲል፦ ተገልጋዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

ጉርድ ሾላ ከመገናኛ ወደ አያት በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ በ2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የምሥራቅ–ምዕራብ የቀላል ባቡር መስመር የሚያልፍበት፣ ብዙ ሕዝብ የሚኖርበትና የሚመላለስበት ሰፈር ነው። እንደ ሌሎቹ የአዲስ አበባ ሰፈሮች ሁሉ፣ የጉርድ ሾላ ነዋሪም ሲታመም ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚያገኘው ስፔሻሊስት ሐኪም ሳይሆን የጤና ጣቢያ ባለሙያ ነው። ይህ ባለሙያ የጤና መኮንን፣ ነርስ ወይም ጠቅላላ ሐኪም ሊሆን ይችላል። ሥራ ከጀመረ ገና ጥቂት ወራት የሆነውም ሊሆን ይችላል።

ለአብነት ያህል፣ አዋሽ አካባቢ ዘመድ ጠይቀው የተመለሱ አንዲት እናት ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ራስ ምታት ይዟቸው በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ እንበል። ከመቀመጣቸው «ዶክተር፣ ታይፎይድ ነው አይደል?» ሲሉ ይጠይቃሉ። ወጣቱ ባለሙያ ግን ገና መልሱን አያውቅም። ከዚህ በኋላ የሚናገረው ቃል የሕክምናውን አቅጣጫ ይወስናል።

እርግጠኛ አለመሆን ለምን ይከሰታል?

ብዙ በሽታዎች በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ምልክታቸውን አያሳዩም። የትርፍ አንጀት ሕመም በአብዛኛው በእምብርት ዙሪያ ጀምሮ፣ ከሰዓታት በኋላ ወደ ታችኛው ቀኝ የሆድ ክፍል ይሸጋገራል። በመሆኑም ጠዋት የተመረመረ ሆድና ማታ የተመረመረ ሆድ የተለያየ መልስ ሊሰጡ ይችላሉ። የወባ ተሕዋስም በመጀመሪያው የደም ምርመራ ላይታይ ስለሚችል፣ ጥርጣሬው ካለ ምርመራው በ12 እና በ24 ሰዓት ልዩነት ይደገማል።

ምርመራዎችም የራሳቸው ውስንነት አላቸው። በብዙ ክሊኒኮች ለታይፎይድና ለታይፈስ የሚሠሩት የዊዳልና የዌል–ፌሊክስ ምርመራዎች የሚለኩት ሰውነት ያመረታቸውን ፀረ እንግዳ አካላት እንጂ ተሕዋሱን ራሱን አይደለም። ከዚህ ቀደም የነበረ ሕመም ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ውጤቱን «ፖዘቲቭ» ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ አንድ ነጠላ ውጤት ብቻውን በሽታውን አያረጋግጥም። ታይፎይድን በተሻለ ሁኔታ የሚያረጋግጠው የደም ካልቸር ምርመራ ደግሞ በሁሉም ተቋም አይገኝም፤ ውጤቱም ቀናትን ይወስዳል።

አዲሱ ባለሙያ የሚገጥመው ፈተና

በጤና ተቋም ውስጥ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ «ዶክተር» ተብሎ ይጠራል። ወረፋው ረጅም ነው፤ ታካሚው የበሽታውን ስምና የመድኃኒት ማዘዣ ይዞ መውጣት ይፈልጋል። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ጀማሪው «ካላወቅሁ ይንቁኛል» ብሎ ቢሰጋ አያስደንቅም። ስጋቱን ለመሸፈን ሲልም ታካሚው በማያውቃቸው የሙያ ቃላት ይናገራል፣ አስፈላጊ ያልሆኑ ምርመራዎችን ያበዛል፣ ወይም «ለማንኛውም ይውሰዱ» በማለት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ያዛል።

ይህ ዓይነቱ ሽፋን ጉዳት አለው። ያለ ምክንያት የተወሰደ ፀረ ባክቴሪያ የታካሚውን ገንዘብ ከማባከኑም በላይ ትክክለኛው በሽታ ሳይታወቅ እንዲቆይ ያደርጋል፤ ተሕዋስያን መድኃኒቱን እንዲላመዱም መንገድ ይከፍታል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ብሂል ለታካሚ ብቻ የተነገረ ይመስላል እንጂ፣ አለማወቁን ለሚደብቅ ባለሙያም ይሠራል።

በሌላ በኩል «አላውቅም» ብሎ ዝም ማለትም ታካሚውን ከስጋቱ ጋር ብቻውን ይተወዋል። ተገቢው አሠራር ሦስት ነገሮችን አብሮ መግለጽ ነው፦ እስካሁን የታወቀው ምንድን ነው? ያልታወቀው ምንድን ነው? ቀጥሎ ምን፣ መቼ ይደረጋል? በምሳሌው የተጠቀሰው ባለሙያ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «እማማ፣ የትኩሳትዎን ምክንያት አሁን በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። ከቆላ ስለመጡ በቅድሚያ ወባን እናጣራለን። ውጤቱን ይዤ ከእኔ የበለጠ ልምድ ያለው ባለሙያ አማክራለሁ። ዛሬ ባይታይ እንኳ ነገ ጠዋት ተመልሰው ይምጡ፤ ሌሊት ከባሰብዎት ግን ነገን አይጠብቁ።»

«ላማክር» ማለት ምን ማለት ነው?

የሕክምና ትምህርት ከመነሻው በማማከር ላይ የተመሠረተ ነው። በመጨረሻው የሥልጠና ዓመት ላይ የሚገኝ ኢንተርን ሐኪም በሬዚደንትና በስፔሻሊስት ሐኪሞች ክትትል ሥር ይሠራል። የጤና ጣቢያ ባለሙያም የሥራ ባልደረባውን ማማከር፣ የሕክምና መመሪያዎችን ማየት፣ ከአቅሙ በላይ ሲሆንም ታካሚውን በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል መላክ ይጠበቅበታል። የአገሪቱ የጤና አገልግሎት ከመጀመሪያ ደረጃ ተቋማት ወደ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በሦስት እርከኖች የተዋቀረውም አንዱ የጎደለውን ሌላው እንዲሞላ ነው። ስለዚህ ባለሙያው መጽሐፍ ገልጦ ቢያይ ወይም ሌላ ባለሙያ ቢጠራ የብቃት ማነስ ምልክት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

ሆኖም እርግጠኛ አለመሆንን በግልጽ መናገርና ቸልተኝነት የተለያዩ ናቸው። ታካሚውን ሳይመረምር፣ ሳያማክርና ቀጠሮ ሳይሰጥ የሚያሰናብት ባለሙያ «እርግጠኛ አልነበርኩም» በሚል ምክንያት ከኃላፊነት ነፃ አይሆንም።

ከተገልጋዩ ምን ይጠበቃል?

የባለሙያው ጥርጣሬ የሚጠበው በአብዛኛው ታካሚው በሚሰጠው መረጃ ነው። ስለዚህ፦

• ሕመሙ የጀመረበትን ቀንና በቅርቡ የተደረገ ጉዞን፣ በተለይ ወደ ቆላማ አካባቢ የተደረገውን፣ መግለጽ፤
• ከመድኃኒት ቤት የተገዛም ሆነ ባህላዊ፣ የተወሰደ መድኃኒት ካለ ሳይሸሽጉ መናገር፤
• የቀድሞ የምርመራ ውጤቶችንና የሪፈር ወረቀቶችን ይዞ መቅረብ፤
• መልሱ በአንድ ቀን ስላልተገኘ ብቻ ከክሊኒክ ወደ ክሊኒክ አለመዘዋወር፤ መቀየር ካስፈለገም ማስረጃውን ይዞ መሄድ፤
• የተሰጠውን ቀጠሮ የተሻለ ቢመስልም ማክበር ይገባል።

ታካሚው የመጠየቅ መብትም አለው። «ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ይህ ምርመራ ለምን አስፈለገ? ምን ምልክት ሳይ ልመለስ? ልምድ ያለው ሌላ ባለሙያ ሊያየኝ ይችላል?» ብሎ መጠየቅ ባለሙያውን መድፈር አይደለም። ታካሚው ስለሚደረግለት ሕክምና በሚገባው ቋንቋ ተረድቶ መስማማቱም የሕክምና ሥነ ምግባር መሠረታዊ መርሕ ነው።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ምልክቶች

ባለሙያው የሰጠው የቀጠሮ ቀን ባይደርስም፣ የሚከተሉት ምልክቶች ከታዩ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል፦ ራስን መሳት ወይም ግራ መጋባት፣ የሰውነት መንቀጥቀጥ፣ የመተንፈስ ችግር፣ ከትኩሳት ጋር የአንገት መገተር፣ የማይቆም የደም መፍሰስ፣ እየበረታ የሚሄድ የሆድ ሕመም። ሕፃን ልጅ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ወይም የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ እንዲሁ መዘግየት አይገባም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ በ907 ነፃ የስልክ መስመር ይጠራል።

በተሰጠው አገልግሎት ቅር የተሰኘ ተገልጋይ በቅድሚያ ጉዳዩን ለተቋሙ ኃላፊ ወይም ቅሬታ ሰሚ ክፍል ማቅረብ ይችላል።

በምሳሌው የተጠቀሱት እናት የመጀመሪያ የደም ምርመራ ወባ አላሳየም እንበል። የአደጋ ምልክት ስላልነበራቸው ወደ ቤታቸው ተመልሰው፣ በተባሉት መሠረት በማግስቱ ጠዋት ሲመጡ ምርመራው ተደገመ፤ ተሕዋሱም ታየ። በመጀመሪያው ቀን «ታይፎይድ ነው» ተብለው መድኃኒት ይዘው ቢሄዱ ኖሮ፣ በማግስቱ የሚመለሱበት ምክንያት አይኖራቸውም ነበር፤ ወባው ግን ሳይታከም ይባባስ ነበር።