የመኪናው «ኮምፒውተር» ተቃጥሏል ሲባል ከመግዛት በፊት ምን ይፈተሽ?

በምርት መሰብሰቢያ ሰሞን ከማሳ ወደ ገበያ የሚያመላልስ መኪና ቆሞ ሲውል ጉዳቱ በጋራዥ ክፍያ ብቻ አይለካም። የተለቀመ ቲማቲም ቀን አይሰጥም፤ በቀጠሮ የሚጠብቅ ነጋዴም ወደ ሌላ አቅራቢ ይዞራል። «የሞተሩ ኮምፒውተር ተቃጥሏል፤ ሌላ ይገዛ» የሚለው ብያኔ ብዙ ጊዜ የሚሰማው በእንዲህ ያለ ጥድፊያ ውስጥ ነው። ብያኔው እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይሁንና ይህ ሳጥን ከመኪናው የኤሌክትሪክ ክፍሎች መካከል እምብዛም ከማይበላሹት አንዱ በመሆኑ፣ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ጥፋቱ በእርግጥ የእርሱ መሆኑ መረጋገጥ ይኖርበታል።

በካርቡራተር የሚሠሩ የቀድሞ የቤንዚን መኪኖችና ነዳጅ በሜካኒካል ፖምፓ የሚረጩ አሮጌ የናፍጣ ሞተሮች ሞተሩን የሚያዝ ኮምፒውተር የላቸውም። በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ኢንጄክተር የሚሠሩት ግን ያለ እርሱ አይነሡም። የውኃውን ሙቀት፣ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር፣ የነዳጅ ፔዳሉን አረጋገጥና የሞተሩን ዙር የሚለኩ ሴንሰሮች መረጃቸውን ወደ ሳጥኑ ይልካሉ። በቤንዚን ሞተር ላይ ሳጥኑ ኢንጄክተሩ ለስንት ሺሕኛ ሴኮንድ እንደሚከፈትና ካንዴላው መቼ እሳት እንደሚሰጥ ይወስናል።

የአሮጌ መኪና ጥገና አሁን ከቀድሞው ይልቅ ያሳስባል። ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍተኛ ኤክሳይዝ ታክስ የጣለው አዋጅ በ2012 ዓ.ም. ወጥቷል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። በእጅ ያለውን መኪና ጠግኖ ማቆየት ለብዙዎች የቀረ ብቸኛ አማራጭ ሆኗል። ለአሮጌ ሞዴል የሚገኘው ኮምፒውተር በአብዛኛው ከፈረሰ መኪና የወጣ ያገለገለ ዕቃ ነው። ከወረዳ ተነሥቶ እስከ መርካቶ ሶማሌ ተራ ድረስ የሚላክ ገዢ የተሳሳተ ሳጥን ይዞ ቢመለስ፣ ትራንስፖርቱንም የዕቃውንም ዋጋ ሊያጣ ይችላል። አንድ ጊዜ የተሰካ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ተመላሽ የሚቀበል ሻጭ ብዙም አይገኝምና።

የመጀመሪያው ምልክት ከዳሽቦርዱ ይገኛል። ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ሲከፈት «ቼክ ኢንጅን» የሚባለው መብራት መብራት አለበት። ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ወይም ኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ አላገኘም፣ ወይም ራሱ ሥራ አቁሟል። ከሦስቱ ለመለየት ሳጥኑን መፍታት አያስፈልግም። በቅድሚያ ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያደርሱት ፊውዝና ሪሌ በቴስተር ይታያሉ። ቀጥሎ ግራውንድ የሚባለው ኔጋቲቭ ሽቦ ይፈተሻል። ሞተሪኖው ሞተሩን በሚያዞርበት ቅጽበት በኮምፒውተሩ ግራውንድና በባትሪው ኔጋቲቭ መካከል ከ0.2 ቮልት በላይ ከተነበበ፣ የዛገ ወይም የላላ ማሰሪያ አለ ማለት ነው። ይህን በብሩሽ አጽድቶ ማጥበቅ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው።

ሌላው አሳሳች ጉዳይ የ5 ቮልቱ መስመር ነው። ኮምፒውተሩ ለበርካታ ሴንሰሮች 5 ቮልት ያከፋፍላል። ከእነዚህ አንዱ ውስጡ ከተገናኘ ወይም ሽቦው ተልጦ የመኪናውን አካል ከነካ መስመሩ በሙሉ ይወድቃል፤ ኮምፒውተሩም የሞተ ይመስላል። ሴንሰሮቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ቮልቱ የሚመለስበትን መጠበቅ ጥፋተኛውን ያወጣዋል። የሰብል ቅጠል ቢጫ መሆን ሁልጊዜ የዩሪያ እጥረት ምልክት እንዳልሆነ አርሶ አደሩ ያውቃል፤ ውኃ የተኛበት ሥርም ያንኑ ቢጫነት ያሳያል። የመኪናውም ነገር እንደዚሁ ነው። ሲሞቅ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ የሚነሣ ሞተር የኮምፒውተር ሕመም ሊኖርበት ይችላል፤ ያረጀ የእሳት ኮይል ወይም የሞተሩን ዙር የሚያነብ ሴንሰርም ግን በትክክል ይህንኑ ያደርጋሉ።

መመርመሪያ መሣሪያ የሚቀበል መኪና ከሆነ ፒ0601 እና ፒ0606 የተባሉት ኮዶች በቀጥታ ወደ ኮምፒውተሩ ያመለክታሉ፤ የመጀመሪያው የማስታወሻውን፣ ሁለተኛው የማቀነባበሪያውን ጉድለት። ይሁን እንጂ እነዚህም ቢሆኑ ባትሪውና ግራውንዱ ደኅና መሆናቸው ሳይታወቅ ሊታመኑ አይገባም።

ኮምፒውተሩ በእርግጥ የሚጎዳባቸው መንገዶች ይታወቃሉ። በገጠር መንገድ ላይ የተለመደው ባትሪ የደከመበትን ባለ 12 ቮልት መኪና ከባለ 24 ቮልት የጭነት መኪና በሽቦ ማስነሣት ነው። ፖዘቲቭና ኔጋቲቭን አፈራርቆ ማሰርም እንደዚሁ ነው። የባትሪው ገመድ ሳይነቀል በመኪናው አካል ላይ ብየዳ ማካሄድ፣ ሞተሩን በግፊት ውኃ ማጠብ፣ ከእህል ጎተራ አጠገብ በቆመ መኪና ውስጥ ሽቦ የሚቆረጥም አይጥ፣ ሁሉም ከዚሁ ይመደባሉ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ በተሠሩ ሳጥኖች ላይ ደግሞ ካፓሲተር የተባሉት ትናንሽ ሲሊንደሮች አርጅተው ፈሳሽ ያንጠባጥባሉ። ፈሳሹ የሰሌዳውን የመዳብ መስመር ይበላል፤ ሳጥኑ ሲከፈትም የዓሣ የሚመስል ሽታ ሊኖረው ይችላል።

ጉዳቱ በካፓሲተር ብቻ ከሆነ መግዛት ላያስፈልግ ይችላል። እጁ የሰከነ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ አሮጌዎቹን አውጥቶ ተመሳሳይ መጠን ያላቸውንና እስከ 105 ዲግሪ ሙቀት የሚችሉትን ይበይዳል። በከተሞቻችን ቴሌቪዥን የሚጠግኑ ባለሙያዎች ለዚህ ሥራ ከብዙ ጋራዦች የተሻሉ ናቸው ብል አላጋንንም።

መግዛት ግድ ሲሆን የሶኬቱ መግጠም አያታልል። በሳጥኑ ላይ የተለጠፈው ቁጥር እስከ መጨረሻው አኃዝ መመሳሰል አለበት። በብዙ የቶዮታ ሞዴሎች ላይ ይህ ቁጥር በ89661 ይጀምራል፤ ልዩነቱ የሚታየው ከዚያ በኋላ ባሉት አኃዞች ነው። ኮምፒውተሩ አውቶማቲክ ካምቢዮን ጭምር የሚቆጣጠርበት ሞዴል ላይ የማንዋሉ ሳጥን አያገለግልም። ቁልፉ ቺፕ ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ አዲሱ ሳጥን ቁልፉን ላያውቀውና ሞተሩ ተነሥቶ ወዲያው ሊጠፋ ይችላል። በዚህ ጊዜ ሳጥኑን ከነቁልፉ መግዛት፣ ወይም የአሮጌውን የማስታወሻ ቺፕ መረጃ በባለሙያ ወደ አዲሱ ማስገልበጥ ያስፈልጋል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው አሮጌውን ምን እንደገደለው መጠየቅ ነው። ውስጡ የተገናኘ ኢንጄክተር ወይም ኮይል ከልክ ያለፈ ኤሌክትሪክ ስቦ በሳጥኑ ውስጥ ያለውን ትራንዚስተር ያቃጥላል። እርሱ ሳይቀየር አዲስ ሳጥን ቢገጠም በዚያው ቀን ተመሳሳይ ዕጣ ሊደርሰው ይችላል። በአብዛኞቹ የቤንዚን ሞተሮች የኢንጄክተር ተቃውሞ በቴስተር ሲለካ ከ12 እስከ 16 ኦም ገደማ ነው፤ አንዱ ከሌሎቹ እጅግ ዝቅ ካለ ተጠርጣሪው እርሱ ነው። ዲናሞውም ሞተሩ እየሠራ ከ15 ቮልት በላይ እንዳይሰጥ ይለካል።

የመግጠሙ ሥራ ራሱ አጭር ነው። የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀላል፤ ኤርባግ ያለው መኪና ከሆነ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። ሳጥኑ በበርካታ የጃፓን መኪኖች ውስጥ የሚገኘው በፊት ተሳፋሪው በኩል ካለው የዕቃ ማስቀመጫ ጀርባ ነው። ሠራተኛው በእጁ ያለው የማይታይ ኤሌክትሪክ ሰሌዳውን እንዳይጎዳ አስቀድሞ የመኪናውን ብረት ይነካል፤ ሶኬቱንም ሽቦውን በመጎተት ሳይሆን መቆለፊያውን ተጭኖ ያላቅቃል። ከተገጠመ በኋላ ሞተሩ ጥቂት ጊዜ ወጣ ገባ እያለ ቢሠራ አዲሱ ሳጥን ሞተሩን እየለመደ ሊሆን ስለሚችል፣ እስኪሞቅ ድረስ ፔዳል ሳይነካ ይተዋል። አሮጌው ሳጥን ለብረት ሰብሳቢ አይሰጥ፤ የቁልፉ መረጃ ያለው በውስጡ ነውና ጠጋኙ ሊፈልገው ይችላል።