በካርቱም ሠርግ ላይ ረዳት ፎቶ አንሺ መሆን

የካርቱምን ሠርግ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነሣ ሐበሻ ሙሽሪትን ይፈልጋል። የጋብቻው ውል አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ከሚሰገደው የአስር ሰላት ቀጥሎ መስጊድ ውስጥ ይታሰራል። ውሉን በሚያስረው ማዙን ፊት ቁጭ ብለው እጅ ለእጅ የሚያያዙት የሁለቱ ወገን ወኪሎች ናቸው፤ እሷ በዚያ ሰዓት ቤት ናት። ተክሊል ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት የለመደ ጀማሪ በሩን ሲያይ የእጅ መያያዙ ያመልጠዋል፤ እንደገና አድርጉት ተብሎ የሚለመን ነገር ደግሞ አይደለም።

የረዳት ሥራ የሚጀምረው ሥርዓቱን ከማወቅ ነው የምለው ለዚህ ነው። ካሜራውን ሦስት ወር ያስተምራችኋል፤ የሠርጉን ተራ ግን የሚያውቁት እናቶችና አክስቶች ናቸው። ከሠርጉ ቀን ቀደም ብሎ ከቤተሰቡ አንዲት ትልቅ ሴት ዘንድ ሄዶ ምን መቼ እንደሚሆን፣ ማን የት እንደሚቆም መጠየቅ ከአዲስ ሌንስ ይበልጣል።

ለምሳሌ ጅርቲግን እንውሰድ። ሙሽሮቹን ለመባረክና ከክፉ ዓይን ለመጠበቅ የሚደረግ የቆየ ሥርዓት ነው፤ የሚመሩትም ትልልቅ ሴቶች ናቸው። ሙሽሪት ፊርካ የሚባል ቀይ ልብስ ትለብሳለች፤ በሙሽራው ግንባር ላይ ሂላል የሚባል የጨረቃ ቅርጽ ወርቅ ይታሰራል፤ በእጃቸው ላይ ሐሪራ የሚሉት የሐር ክር ይጠመጠማል። ከዚያ ሁለቱ በአፋቸው ወተት ይይዙና አንዱ በሌላው ላይ ይረጫሉ፤ ቀድሞ ለመርጨት ሽሚያ ነው። ነገሩ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። ዋናው ፎቶ አንሺ ከፊት ከቆመ ረዳቱ ትከሻው ሥር መቆም የለበትም፤ በተቃራኒው በኩል ሆኖ የምትስቀውን አያት፣ ዓይኑን የጨፈነውን ሙሽራ መያዝ አለበት። ሁለት ካሜራ የሚያስፈልገው ሁለት ጎን ስላለ ነው።

የብርሃኑ ነገርም ከዚሁ ሥርዓት ጋር የተያያዘ ነው። ክፍሉ ባኹር በሚሉት ዕጣን ጭስ ይሞላል፤ ፍላሽ ፊት ለፊት ሲተኮስ ጭሱን መትቶ ይመለስና ሥዕሉን እንደ ጉም ያለብሰዋል። ስለዚህ ረዳቱ ፍላሹን ይዞ ወደ ጎን ይሄዳል። የቀዩ ፊርካ ጥለት ዝርዝር በብርቱ መብራት ሥር ይጠፋል፤ ብርሃኑን ትንሽ ቀነስ ማድረግ ይሻላል። ቀን ላይ በፀሐይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ነጭ ጀለቢያና ነጭ ጥምጥም የሞላበትን ቦታ ካሜራው በጣም ብሩህ ነው ብሎ ስለሚገምት ያጨልመዋል፤ የሰዎቹ ፊት ይጠቁራል። የብርሃኑን ልኬት ከፊታቸው ላይ መውሰድ ነው።

በሠርጉ ውስጥ ለወንድ ፎቶ አንሺ የሚዘጋ በርም አለ። የሙሽሪት ጭፈራ አሁን በብዛት የሚደረገው በሴቶች መካከል ነው። ሙሽሪት በደሉካ ከበሮ ስትጨፍር ድንገት ትወድቃለች፤ አብሯት ያለው ሙሽራ ካልያዛት ጎል ገባበት ይባላል። ስልክ የሚከለከልበት ቦታ ብዙ ነው፤ አለባበሷና ጭፈራዋ ለእንግዳ ወንድ ዓይን የታሰበ አይደለምና። እዚህ ሴት ረዳት ከማንም በላይ ትፈለጋለች፤ በሙያው መጀመር ለምትፈልግ እኅታችን ትልቁ መግቢያ ይኸው ይመስለኛል። ግን መግቢያው በእምነት ነው። ከዚያ ክፍል አንድ ሥዕል ወደ ውጭ ከወጣ የአንዲት ሴት ክብር ይነካል፤ ፎቶ አንሺዋንም ዳግም የሚጠራት የለም። የዚያን ክፍል ፎቶዎች ለብቻው በሆነ የካሜራ ካርድ ላይ ማንሳት፣ ያለ ሙሽሪት ፈቃድ ለማስታወቂያም አለማሳየት፣ ይህንንም አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

ሙሽሮችን ወደ ዓባይ ዳር ማጀብም የቆየ ልማድ ነው። በዚያ ጊዜ ሌንሱን ወደ ድልድይና ወደ ወታደር ማዞር በሱዳን የተከለከለ መሆኑን ረዳቱ ይወቅ፤ ውሃውን ከኋላ አድርጎ ድልድዩን ከክፈፉ ማስወጣት ቀላል ነው። ሀቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ሲነሣ ደግሞ ውጭ ሌንስ አይቀየርም። በበጋው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ካሜራና ባትሪ መኪና ውስጥ አይተዉም፤ መብራት ስለሚጠፋም ባትሪ የሚሞላው በዋዜማው ነው።

ክፍያን በተመለከተ አጭር ነው፤ መጓጓዣና የቀን ክፍያ፣ ረዳቱ ያነሣቸው ፎቶዎች የማን እንደሆኑ ጭምር፣ ከሠርጉ በፊት ይነገር። ለመልመድም በካርቱም ዴም ሰፈር የሐበሻው ሠርግና መልስ ጥሩ ትምህርት ቤት ነበር፤ ቤተሰብ ስሕተትን ከእንግዳ ይልቅ ይታገሣል።

ነበር የምለው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም የተነሣው ጦርነት ሰፈሩንም ባለ ሠርጉንም ስለበተነ ነው። ቤቶች በሰፊው ተዘረፉ፤ ነፍሱን ይዞ የወጣ ሰው አልበም ለመሸከም ጊዜ አልነበረውም። የሱዳናውያን ሠርግ ዛሬ በካይሮም ይደረጋል፣ በሌሎች የስደት ከተሞችም፤ ደሉካውና ጅርቲጉ አብረው ተሰድደዋል። የረዳቱ የመጨረሻ ሥራ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ከዚህ የተነሣ ነው። ካርዱን በየመካከሉ መሰብሰብ፣ በዚያው ሌሊት ሁለት ቦታ መገልበጥ፣ ሁለቱም ተከፍተው እስኪታዩ ካርዱን አለማጥፋት። አንዱ ቅጂ ከሙሽሮቹ ጋር ይቀመጥ፤ ሌላው ደግሞ ቤተሰቡ ከፈቀደ ሌላ ከተማ ወይም ሌላ አገር ያለ ዘመድ እጅ ይግባ።