ሰሊጡ ሳይሸጥ ብድር ይገኛልን? ሕጉ የፈቀደውና በተግባር የቀረው

የሰሊጥ አዝመራ ቀጠሮ አይሰጥም። በሽንፋና በአካባቢው ቆላ ክረምቱ ሲገባ የተዘራው ሰሊጥ ቅጠሉ ቢጫ መሆን ከጀመረ በኋላ በወቅቱ ካልታጨደ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህም በመስከረምና በጥቅምት ከደጋው የሚወርዱት ሳሉጎች በብዛት ይፈለጋሉ። ሰሊጡ ታጭዶ፣ በሂላ ቆሞ፣ ደርቆ እስኪራገፍ ድረስ ሠራተኛው ቀለቡንም የጉልበት ዋጋውንም በጥሬ ገንዘብ ይጠይቃል። አርሶ አደሩ ግን በዚያ ወቅት ያለው ሀብት በማሳ ላይ የቆመ ሰሊጥ እንጂ በኪሱ ያለ ብር አይደለም።

ይህ ክፍተት ሁለት መንገዶችን ብቻ ያስቀራል። አንደኛው ገና ሰብሉ በማሳ ላይ ሳለ የአራጣ ብድር ወስዶ በምርት መክፈል ነው። ሁለተኛው ሁሉም ለመሸጥ በሚጣደፍበት፣ ዋጋውም በሚወርድበት ሰሞን ምርቱን ማውጣት ነው። በሁለቱም መንገድ አርሶ አደሩ የሚከስረው በእርሻው ሳይሆን በጊዜ ነው። ጉዳቱ በማሳው ላይ አይቆምም። ዱቤ የሰጠው የከተማው ባለሱቅ፣ ወፍጮ ቤቱና ምግብ ቤቱ ገንዘባቸውን የሚያገኙት ሰሊጡ በጥሩ ዋጋ ሲሸጥ ነው።

ባንኮች ለረጅም ጊዜ ለብድር ዋስትና ሲጠይቁ የኖሩት በዋነኛነት የከተማ ቤትና ሕንፃ ነው። በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ የሚገኝ አርሶ አደር ሀብቱ ከብት፣ ትራክተር፣ ሰብልና የመሬት ይዞታ ነው። ባለፉት ዓመታት የወጡ ሕጎች ዋና ፋይዳም ይህን ሀብት ለባንክ እንዲታይ ማድረጋቸው ነው።

ሕጎቹ ምን ይላሉ?

የመጀመሪያው በተንቀሳቃሽ ንብረት ስለሚሰጥ ዋስትና የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ከብት፣ የእርሻ መሣሪያና ሰብል ለብድር መያዣ ሊሆኑ ይችላሉ። መያዣው በብሔራዊ ባንክ ሥር በተቋቋመ የኤሌክትሮኒክስ መዝገብ ላይ ይመዘገባል። አንድን ንብረት ሁለት አበዳሪዎች ቢይዙት በመርሕ ደረጃ ቅድሚያ የሚያገኘው አስቀድሞ ያስመዘገበው ነው። ባንኩ «ከብቱ ለሌላም ተይዞ ይሆናል» የሚለው ስጋቱ የሚቃለለው በዚህ መዝገብ ነው።

ሁለተኛው የመሬት ይዞታ ነው። መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ የመጠቀም መብቱ ግን ለብድር ዋስትና እንዲውል የአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 ፈቅዷል። በፌዴራል ደረጃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1324/2016ም ይህንኑ መብት አጽንቷል። ብድሩ ባይከፈል አበዳሪው የሚያገኘው ለተወሰነ ጊዜ በመሬቱ የመጠቀም መብትን እንጂ መሬቱን ለዘለቄታው አይደለም።

ሦስተኛው የመጋዘን ደረሰኝ ነው። ሥርዓቱ የቆመው በአዋጅ ቁጥር 372/1996 ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 550/1999 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ግብይት ከጀመረ ወዲህ በስፋት ይሠራበታል። ሰሊጡ መጋዘን ሲደርስ ናሙና ይወሰድለታል፣ ደረጃው ይወጣል፣ ይመዘናል፤ ለባለቤቱም ደረሰኝ ይሰጠዋል። ደረሰኙ የምርቱን ዓይነት፣ ደረጃና መጠን የሚያረጋግጥ በመሆኑ ባለቤቱ ሰሊጡን ሳይሸጥ በእርሱ ሊበደርበት ይችላል።

በስሌት ሲታይ

ለማስረዳት ያህል፣ አንድ ማኅበር 50 ኩንታል ሰሊጥ አስገባ፣ የወቅቱም ዋጋ በኩንታል 8,000 ብር ነው እንበል። ጠቅላላ ዋጋው 400,000 ብር ይሆናል። ባንኩ የዚህን 60 በመቶ ቢያበድር ማኅበሩ 240,000 ብር ያገኛል፤ በዚህም የአጨዳ ዕዳውን ይከፍላል። ወለዱ በዓመት 16 በመቶ ቢሆን የሦስት ወሩ 9,600 ብር ነው። ከሦስት ወር በኋላ ዋጋው በኩንታል 500 ብር ቢጨምር ጭማሪው 25,000 ብር ይደርሳል፤ ከወለዱ በኋላ 15,400 ብር ይተርፋል። ከዚህም ላይ የመጋዘን ኪራይ ይቀነሳል።

ስሌቱ ተቃራኒም አለው። ዋጋው በኩንታል 500 ብር ቢወርድ ማኅበሩ ከወለዱ ጋር 34,600 ብር ይጎዳል። ስለዚህ የደረሰኝ ብድር የመምረጫ ጊዜ ይሰጣል እንጂ ትርፍን አያረጋግጥም።

የገዢው ወገን ለውጥ

የሰሊጥ ዋጋ ለዓመታት የሚወሰነው በሰሊጥ ፍላጎት ብቻ አልነበረም። የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋ አንዳንድ ነጋዴዎች በውድ ገዝተው በርካሽ ወደ ውጭ ይልኩ ነበር፤ ኪሳራቸውን ባገኙት ዶላር ባስገቡት ዕቃ ላይ ያካክሱታል። በዚህ ገበያ ሰሊጥ ብቻ የሚልክ ነጋዴና ማኅበር መወዳደር አልቻሉም።

ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ላኪዎች ለብሔራዊ ባንክ ምንዛሪ የማስረከብ ግዴታቸውም ቀረ። በዚሁ ዓመት የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ቦርድ የቅባት እህል መላክን በቅድመ ሁኔታ ለውጭ ባለሀብቶች ክፍት አድርጓል። ገዢ ሲበዛ ሻጩ ይጠቀማል፤ ይሁን እንጂ የማዳበሪያ፣ የኬሚካልና የነዳጅ ዋጋም ከዶላሩ ጋር ይወጣል።

ምን ይቀራል?

ሕግ ብቻውን ብድር አይሆንም። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ገደበ፤ ኋላ ወደ 18፣ ቀጥሎም ወደ 24 በመቶ ከፍ አደረገው። የሚበደረው ገንዘብ ሲያጥር ባንክ ወደ ለመደው ደንበኛና ወደ ሕንፃ ዋስትና ማዘንበሉ አይቀርም። የመንገድ ደኅንነት፣ ሱዳን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወደ ጦርነት ከገባች ወዲህ የተቃወሰው የድንበር ንግድና የመጋዘን ርቀትም በየፊናቸው ወጪ ይጨምራሉ።

በምርት ገበያው ለአንድ ግብይት የሚፈለገው አነስተኛ መጠን ከአንድ አነስተኛ አርሶ አደር ምርት ሊበልጥ ስለሚችል፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር አባል መሆን ትልቅ ድርሻ አለው። ሰሊጡን ከአፈርና ከባዕድ ነገር ማጽዳትና በደንብ ማድረቅ ደረጃውን ከፍ ያደርጋል፤ ደረጃው ደግሞ የብድሩን መጠን ይወስናል።

ተበዳሪ ከመፈረሙ በፊት አራት ነገሮችን መጠየቅ ይገባዋል፦ ወለዱ ስንት ነው? የመጋዘን ኪራዩ ከየትኛው ቀን ይቆጠራል? ዋጋ ቢወርድ ባንኩ ተጨማሪ መያዣ ይጠይቃልን? ሰሊጡን የሚሸጠው ማን ነው፣ መቼስ ነው? የእነዚህ መልስ በጽሑፍ መያዝ ያለበት ሂላው ከመቆሙ በፊት ነው፤ ሳሉጉ ደመወዙን በሚጠይቅበት ቀን የሚፈረም ውል ለድርድር ጊዜ አይሰጥምና።