ተጨማሪ መረጃ፦ ግሸን በሁለት ካቶሊካውያን ብዕር

ሉዊስ ዴ ኡሬታ የተባለ የዶሚኒካን መነኩሴ በ1610 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) በስፔን ቫሌንሲያ ከተማ ስለ ኢትዮጵያ መጽሐፍ አሳተመ። አገሪቱን ረግጧት አያውቅም። ቢሆንም በአምባሰሉ ግሸን አናት ላይ በምናቡ የተዋበ ቤተ መንግሥትና ወደር የሌለው ቤተ መጻሕፍት ገነባ። ነገሥታቱ ዙፋን ይቀናቀኑናል ያሏቸውን መሳፍንት ያግዙበት የነበረውን አምባ ምድራዊ ገነት አስመሰለው።

መልሱን የጻፈው ከኢየሱሳውያን ማኅበር ፔድሮ ፓኤዝ (1564–1622) ነው። ፓኤዝ ኢትዮጵያ የገባው በ1603 ሲሆን አማርኛና ግእዝ ተምሯል። ዜና መዋዕል አገላብጦ፣ ነገሩን የሚያውቁትን ጠይቆ፣ የኡሬታን ተረት ምዕራፍ በምዕራፍ አፈረሰው። ስፔናዊ ሆኖ ሳለ የጻፈው በፖርቱጋልኛ ነው። እርግጥ እርሱም ገለልተኛ ታዛቢ አልነበረም፤ ዐፄ ሱስንዮስን ወደ ካቶሊክ እምነት የሳበ ሚስዮናዊ ነው፤ ብዕሩም ኡሬታ ላይ ሲሆን ይመርራል። ለታሪክ ተማሪ ግን ከኡሬታ ይልቅ የሚጠቅመው እርሱ ነው።

የፓኤዝ ሥራ የታተመው በ1905 እና 1906 ነው። እስከዚያው የአምባው ወሬ አውሮፓን አዳርሶ፣ እንግሊዛዊው ጆን ሚልተን በ1667 ባሳተመው የገነት መጥፋት ግጥሙ ውስጥ ሳይቀር ገብቶ ነበር።