ትንንሾቹ መብራቶች ምን ይላሉ?

ከጥቂት ጊዜ በፊት በአንድ የሥልጠና አዳራሽ ተገኝተን ነበር። ገለጻውን የሚያቀርበው ወጣት ሹም ብዙ የደከመበትን ጥናት በፕሮጀክተር እያሳየ ሲያስረዳ፣ እኩሌታው ላይ እንደ ደረሰ ሥዕሉ ድንገት ጠፋ። ወጣቱ ደንግጦ ማብሪያውን ደጋግሞ ተጫነው፤ መሣሪያው ግን አልታዘዘለትም። አንዱ «መብራት ሄደ» አለ፤ የኮሪደሩ አምፑል ግን ይበራ ነበር። ሌላው «ዕቃው አርጅቷል» ሲል ፈረደ። በመጨረሻም ገለጻው ያለ ሥዕል በቃል ብቻ ተፈጸመ፤ መሣሪያውም «ከአገልግሎት ውጭ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት እንዲወርድ ተወሰነ።

ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ቀረብ ብለን ብንመለከት፣ በመሣሪያው ፊት «ቴምፕ» ከሚለው ጽሕፈት አጠገብ አንዲት ትንሽ ቀይ መብራት በርታ አየን። ይህችም መብራት «ሙቀት በዝቶብኛል» ማለቷ ነበር። የአየር መግቢያው ወንፊት በአቧራ ተደፍኗል፤ በመውጫው በኩል ደግሞ ለተሰብሳቢው የሚታደል የወረቀት ክምር ተደግፎበታል። ክምሩ ተነሥቶ፣ መሣሪያው ቀዝቅዞ፣ ወንፊቱም ተጠርጎ እንደ ገና ሲከፈት ሥዕሉ እንደ ቀድሞው ወጣ። እፍኝ በማይሞላ አቧራ ምክንያት የሕዝብ ገንዘብ የወጣበት ዕቃ ሊጣል፣ የወጣቱም ድካም ከንቱ ሊቀር ደርሶ ነበር።

ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የእነዚህን ትንንሽ መብራቶች ቋንቋ ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ አሰብን። ቋንቋው በይበልጥ ተስፋፍቶ የታየው የፕሮጀክተር ታላቅ ወንድም በሆነው በፕሮጀክሽን ቴሌቪዥን ላይ ስለ ሆነ፣ ነገሩን ከዚያው እንጀምራለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፕሮጀክሽን ቴሌቪዥን ማለት በውስጡ ትንሽ ሥዕል ሠርቶ፣ ያንን በመነጽርና በመስታወት አማካይነት አጉልቶ በትልቅ መጋረጃ ላይ የሚያሳርፍ ቴሌቪዥን ነው። በ1972 አሜሪካዊው ሄንሪ ክሎስ ለመኖሪያ ቤት የሚሆን ባለ ቀለም መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የተሠሩት በሆዳቸው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሥዕል የሚያወጡ ሦስት ቱቦዎች ነበሯቸው። በ1987 ላሪ ሆርንቤክ የተባለው የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ሊቅ እጅግ ጥቃቅን መስታወቶች የተደረደሩበትን ሰሌዳ ፈለሰፈ፤ 1,280 በ720 ነጥብ ያለው ሥዕል በሚያወጣው ሰሌዳ ላይ ከ900 ሺህ የሚበልጡ መስታወቶች ይገኛሉ። እነዚህ መስታወቶች የአንድ ኃይለኛ አምፑል ብርሃን ሲወድቅባቸው እየተገለባበጡ ሥዕሉን ይሠራሉ። ስስ ቴሌቪዥኖች ሲረክሱ ግን የዚህ መሣሪያ ዘመን አለፈ፤ ሥራውን እስከ መጨረሻው ይዞ የቆየው ሚትሱቢሺም በ2012 መጨረሻ ማምረቱን አቆመ። ይሁን እንጂ አምፑሉም፣ መስታወቱም፣ የፊት መብራቶቹም በአዳራሾቻችን በሚገኙት ባለ አምፑል ፕሮጀክተሮች ላይ ዛሬም አሉ።

አሁን ወደ መሣሪያው ፊት እንመለስ። በፊት ለፊት፣ አንዳንድ ጊዜም በትንሽ ክዳን ሥር፣ ጥቂት ቁልፎች ይገኛሉ። «ፓወር» ማብሪያና ማጥፊያ ነው። «ቮልዩም» ድምፅን፣ «ቻነል» ጣቢያን ይለውጣሉ። «ኢንፑት» የሚለው ሥዕሉ ከየትኛው ገመድ እንዲመጣ የሚመርጥ ነው፤ «ሥዕል የለም» እየተባለ ሰው የሚጨነቅበት ጊዜ ብዙውን ይህ ቁልፍ በስሕተት የተነካበት ጊዜ ነው። በባለ ሦስት ቱቦዎቹ ላይ ደግሞ ሦስቱን ቀለማት የሚያገጣጥም ልዩ ቁልፍ የነበራቸው አሉ። በፊቶች ዳር ቀይና ሰማያዊ ጥላ ከታየ ይህ ቁልፍ ይጫናል፤ ነገር ግን ቱቦዎቹ እስኪሞቁ ድረስ መሣሪያው አስቀድሞ ግማሽ ሰዓት ያህል መብራት ይገባዋል።

መብራቶቹን በተመለከተ፣ በብዙዎቹ መሣሪያዎች ላይ የምናገኛቸው አራት ዓይነት ናቸው።

የመጀመሪያው የኃይል መብራት ነው። በብዙው ልማድ ቀይ ሲሆን መሣሪያው ኤሌክትሪክ አግኝቶ ትእዛዝ ይጠብቃል ማለት ነው፤ አረንጓዴ ሆኖ ሲጸና ሥራ ላይ ነው። አረንጓዴው ብልጭ ድርግም ሲል ወይ አምፑሉ በመሞቅ ላይ ነው፣ ወይም ከጠፋ በኋላ በመቀዝቀዝ ላይ ነው። አንዳች መብራት ከሌለ ግን ኤሌክትሪክ አልደረሰውም ማለት ስለ ሆነ ሶኬቱንና ገመዱን መመርመር ይገባል። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ከሆነ፣ በዚያ የተለመደው 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ቮልት መሆኑን ሳይዘነጉ ከመሰካት በፊት በጀርባው የተጻፈውን ማንበብ ያሻል።

ሁለተኛው «ታይመር» ነው። ይህ መሣሪያው በተወሰነ ሰዓት እንዲበራ ወይም እንዲጠፋ መታዘዙን ብቻ ያመለክታል፤ የብልሽት ምልክት አይደለም።

ሦስተኛው «ላምፕ» የተባለው፣ ስለ አምፑሉ የሚናገረው ነው። የዚህ ዓይነት አምፑል ለጥቂት ሺህ ሰዓት ያገለግላል። 6,000 ሰዓት ቢሰጠውና በቀን 5 ሰዓት ቢሠራ፣ ዕድሜው ከሦስት ዓመት ጥቂት ይበልጣል። እንግዲህ ይህ መብራት ሲበራ ወይ አምፑሉ አርጅቷል፣ ወይ አልቀጣጠል ብሏል፣ ወይም የአምፑሉ ክዳን በደንብ አልተገጠመም። ክዳኑ ካልገጠመ መሣሪያው ለጥንቃቄ ሲባል ጨርሶ እንዳይበራ ሆኖ ተሠርቷል። በአምፑል ማርጀት ብቻ ሙሉው መሣሪያ እንደ ተበላሸ ተቆጥሮ ሲጣል ማየት ያሳዝናል።

አራተኛው ቀደም ብለን የጠቀስነው «ቴምፕ» ነው። ማራገቢያው ሲቆም ወይም የአየር መንገዱ ሲዘጋ ይበራል፤ መሣሪያውም ራሱን ከቃጠሎ ለማዳን ይጠፋል።

ከዚህም በላይ አንዳንድ መሣሪያዎች በቁጥር ይናገራሉ። መብራቱ ሦስት ጊዜ ወይም አምስት ጊዜ ብልጭ ብሎ ጥቂት ያርፍና ያንኑ ይደግማል። ይህ እንዲያው መንቀጥቀጥ ሳይሆን የበሽታው ስም ነው። ትርጉሙ በየሞዴሉ ስለሚለያይ፣ ብልጭታውን ቆጥሮ በወረቀት ላይ መጻፍና ከመሣሪያው መጽሐፍ ጋር ማመሳከር ይገባል። ለጠጋኙም «አልሠራ አለኝ» ከማለት «ቀዩ መብራት አምስት ጊዜ ይላል» ብሎ መንገር ብዙ ድካም ያድናል።

አብዝተን የምናስጠነቅቀው ስለ መቸኮል ነው። በአምፑሉ ውስጥ ያለው የሜርኩሪ እንፋሎት ሲበራ ግፊቱ ከውጩ አየር ወደ 200 እጥፍ ይደርሳል። አምፑሉ እንደ ሞቀ ሲጠፋ ግፊቱ ወዲያው ስለማይወርድ፣ ያን ጊዜ ማብሪያውን መደጋገም አምፑሉን ከመጉዳት በቀር ጥቅም የለውም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ነው። ስለዚህ ሥራ ሲያበቃ መሣሪያውን በቁልፉ አጥፍቶ፣ ማራገቢያው እስኪቆም ሳይታክቱ ቆይቶ፣ ሶኬቱን መንቀል ነው። መብራት ድንገት ሄዶ ቢመለስም ጥቂት ደቂቃ አቀዝቅዞ መክፈት ይበጃል። አምፑል ሲለወጥ ደግሞ ሶኬቱ ይነቀል፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠበቅ፤ የአዲሱ አምፑል መስታወት በጣት አይነካ፤ የሰዓት መቁጠሪያው ካለም ወደ ዜሮ ይመለስ። አምፑሉ የተሰበረ እንደ ሆነ መስኮት ከፍቶ ከክፍሉ መውጣት፣ ስባሪውንም በባዶ እጅ አለመንካት ያስፈልጋል።

የዚያ ወጣት ሹም መሣሪያ ወደ ግምጃ ቤት ሳይወርድ ቀርቷል። እርሱም ከዚያ ቀን ወዲህ ከስብሰባ በፊት ቀድሞ ገብቶ ወንፊቱን ይመለከታል፤ የመብራቶቹንም ትርጉም በአማርኛ ጽፎ በመሣሪያው ጎን ለጥፏል። ይህ ሥራ ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም። በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ያላችሁ ወጣቶችም እንዲሁ ብታደርጉ፣ «ከአገልግሎት ውጭ» ተብለው በየግምጃ ቤቱ ከተከማቹት ዕቃዎች መካከል ስንቶቹ ገና በሕይወት እንዳሉ ትገነዘባላችሁ ብለን እናምናለን።